የመኪና ድምፅና ሕጉ፦ የአዲስ አበባ ነዋሪዎችና አሽከርካሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ቤቴ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ዳር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭነት የያዘ መኪና ማርሽ ሲቀይር የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሕፃን ያለበት ቤት ሕፃኑ ይባንናል፤ በሽተኛ ያለበት ቤት በሽተኛው እስኪነጋ ዓይኑን አይከድንም። ጎረቤቶቼ ለዓመታት «ምን ይደረጋል፣ መንገድ ዳር ቤት ሠርተን» ሲሉ ኖረዋል። የሚደረግ ነገር ግን አለ። የሚከተሉት ጥያቄዎች በእድር ስብሰባ፣ በታክሲ ወረፋና በጋራዥ ደጃፍ ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው።

ለመሆኑ የመኪና ድምፅን የሚመለከት ሕግ አለን?

አለን፤ ችግሩ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አለመቀመጡ ነው። ከላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ቀጥሎ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይመጣል። ብዙ ሰው ብክለት ሲባል ጭስና ቆሻሻ ውሃ ብቻ ይመስለዋል፤ አዋጁ ግን ለጤና አደገኛ የሆነ ድምፅንና ንዝረትንም በብካይነት ይቆጥራል፣ ከፍተኛው የድምፅ መጠንም በደረጃ እንዲወሰን ያዛል። ሦስተኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አንቀጽ 1225 ጎረቤትን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ ማወክን ይከለክላል። በመጨረሻም አሽከርካሪውን በቀጥታ የሚይዙት የትራፊክ ደንቦች አሉ፤ ለዓመታት ዋናው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል።

ከእነዚህ የትኛውን መያዝ እንዳለብዎት የሚወስነው የድምፁ ምንጭ ነው። የሚያልፍ መኪና ሌላ ነው፣ አጥር ተጋርቶ የቆመ ጋራዥ ሌላ ነው። ሰው ተመላልሶ የሚደክመው ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ወደማይመለከተው በር ስለሚሄድ ነው።

የተፈቀደው ስንት ዴሲቤል ነው?

በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። ለንግድ አካባቢ በቀን 65፣ በሌሊት 55፤ ለኢንዱስትሪ አካባቢ በቀን 75፣ በሌሊት 70። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ሌሊት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ ብር አይቁጠሯቸው። ከ55 ወደ 65 መውጣት «አሥር ብቻ ጨመረ» ማለት አይደለም፤ በድምፁ የሚወጣው ኃይል አሥር እጥፍ ሆኗል፣ የሰው ጆሮም በግምት እጥፍ አድርጎ ይሰማዋል። በሌላ በኩል አንድ መኪና በቆመበት ሁለተኛ ተመሳሳይ መኪና ቢጨመር ንባቡ ከፍ የሚለው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ሰፈር ትልቅ ትርጉም አለው። ከመቶ መኪና ውስጥ ሃምሳውን ብናስቀር ጆሯችን እምብዛም ለውጥ አይሰማውም፤ ማርሚታቸው (በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ድምፅ መቀነሻ) የተበሳውን አምስቱን ብናስጠግን ግን ሌሊቱ ሌላ ሌሊት ይሆናል። መፍትሔው መንገድ መዝጋት ነው ለሚሉ ሁሉ ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ለመንገድ ትራፊክ የሌሊት ድምፅ የመከረው 45 ዴሲቤል ነው። የእኛ የመኖሪያ ሰፈር የሌሊት ቁጥር ከዚህ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ላልቷል ብለን የምናማርርበት ምክንያት የለም።

ገደቡ የሚለካው መኪናው ላይ ነው ወይስ እኔ ቤት?

ከላይ የጠቀስኩት ደረጃ ስለ አካባቢው ነው፤ ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት ቦታ ላይ ምን ያህል ድምፅ አለ የሚለውን ይጠይቃል። አንድን መኪና ብቻ ለይቶ «አንተ ይህን ያህል አወጣህ» ብሎ አይቀጣም። ለነጠላ መኪና የሚሠራው የትራፊክ ደንቡና ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነው። ስለዚህ «መንገዱ በሙሉ ይረብሸኛል» የሚል ሰው የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ይዟል፤ «ያ ነጭ ሚኒባስ ይረብሸኛል» የሚል ደግሞ የትራፊክ ጉዳይ ይዟል።

ክላክስ መቼ ነው የሚፈቀደው?

አደጋን ለመከላከል ሲሆን ነው። ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ወደ አስፋልት ሲሮጥ፣ መኪና ሳያይዎት ወደ ኋላ ሲመጣ ክላክስዎን ይጠቀሙ፤ የተሠራው ለዚህ ነው። ብዙ አገሮች የገቡበት የ1968 እ.ኤ.አ. የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 28 የሚፈቅደው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አደጋ ለማስቀረት፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ለመቅደም ሲፈልጉ ከፊት ያለውን ለማሳወቅ። የተሰረዘ ጥሩምባ ያለበትን ቀይ ክብ ምልክት ሁላችንም መንጃ ፈቃድ ስንማር አጥንተነዋል። ፈተናውን ካለፍን በኋላ ግን ምልክቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ትራፊክ መብራቱ ገና አረንጓዴ ሳይሆን ከኋላ መንፋት፣ ተሳፋሪ ለመጥራት መንፋት፣ የግቢ በር እንዲከፈት መንፋት፣ ጓደኛን ሰላም ለማለት መንፋት፣ እነዚህ ሁሉ አደጋን አይከላከሉም። የግቢውን በር በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ከመኪናው ወርዶ በሩን ማንኳኳት የሰነፈ አንድ ሰው ሃያ ቤት ይቀሰቅሳል። ስልክ አለ፤ ወደ ውስጥ ይደወል።

ድምፁ ምን ያህል እንደሚሄድ በቁጥር እንየው። ዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ ጥሩምባ ደንብ መኪና ላይ የተገጠመ ክላክስ በ7 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ93 ያላነሰ፣ ከ112 ዴሲቤል ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል። በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ደካማውን፣ ማለትም የ93ቱን ብንወስድ በ14 ሜትር 87፣ በ28 ሜትር 81፣ በ56 ሜትር 75፣ በ112 ሜትር ደግሞ 69 ይሆናል። ደረጃው የሚናገረው ስለ አማካይ ድምፅ ነው፣ ክላክስ ደግሞ ቅጽበታዊ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ የተኛ ሰው ከሌሊቱ ገደብ 24 ዴሲቤል የበለጠ ጩኸት ጆሮው ላይ ይወድቅበታል።

ሆስፒታል አጠገብስ?

እናቴን ለሦስት ሳምንት አስታምሜአለሁ። የተኛችበት ክፍል ወደ አውራ ጎዳና ይዞራል። ነርሷ መድኃኒት ሰጥታ፣ ሕመሙ ጋብ ብሎላት ዓይኗን ስትከድን ከታች አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለመጥራት ሦስት ጊዜ ይነፋል። ያንን ሰው አላውቀውም፤ ክፉ ሰው ነውም አልልም። ፎቁ ላይ ማን እንደተኛ አላሰበም። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ዙሪያ ምልክት ኖረም አልኖረም እጅዎን ከክላክሱ ላይ ያንሡ። የከተማው አስተዳደርም የተሰረዘውን የጥሩምባ ምልክት ሆስፒታል ባለበት ጎዳና ሁሉ ቢተክል ወጪው ትንሽ፣ ለበሽተኞች የሚሰጠው ዕረፍት ግን ብዙ ነው።

ሰርግ ነው፤ ሙሽራ ስናጅብስ?

ደስታው የሁላችንም ነው፤ ሙሽራ ሲያልፍ እልል የማይል ማን አለ? ሕጉ ግን ለሰርግ የተለየ ፈቃድ አልሰጠም። በሃያ መኪና አጀብ እየነፉ በሆስፒታል በር ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሽማግሌዎች በሚመሩት አጀብ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ፦ ከመነሻው በፊት ለሾፌሮቹ «ከዚህ እስከዚህ ዝም፣ ሜዳው ላይ እንደ ልብ» ተብሎ ተነገራቸው፤ ሁሉም ታዘዘ።

ማርሚታ ቢወልቅ መኪናው ጉልበት ያገኛል ይባላል። እውነት ነው?

በጋራዥ የምሰማው ትልቁ ማሳሳቻ ይህ ነው። በሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር የታመቀ ጋዝ በጭስ ማውጫው ይወረወራል፤ ይህ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይደጋገማል። ማርሚታ የድምፁን ሞገድ በክፍሎቹና በተበሱ ቱቦዎቹ ውስጥ እያመላለሰ እርስ በርሱ እንዲጣፋ ያደርገዋል፤ የቀረውን ደግሞ በውስጡ ያለው ጭረት መሰል መጠቅጠቂያ ይመጠዋል። መኪናው ሲነደፍ ሞተሩ ይህን ማነቆ ታሳቢ አድርጎ ነው የተሠራው። ለውድድር ተብሎ ከነሙሉ ማስተካከያው የተሠራ መኪና ሌላ ነገር ነው። በተራ የቤት መኪናና በሚኒባስ ላይ ማርሚታውን ቆርጦ ባዶ ቱቦ መበየድ የሚጨምረው ጩኸት ነው። ሾፌሩ ጉልበት የመሰለው ጆሮው ስለተሞላ ነው።

አደጋም አለው። ከወለሉ ሥር የተበሳ ወይም የተቆረጠ ጭስ ማውጫ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ተሳፋሪው ክፍል ሊያስገባ ይችላል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ሰው ራሱን አሞት እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ይሞትበታል። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ልጆች መስኮት ተዘግቶ «ራሴን አመመኝ» ካሉ መኪናውን ያቁሙና ማርሚታውን ያስፈትሹ።

ማርሚታ ለምን ቶሎ ይበሳል የሚለውም በተደጋጋሚ ይመጣል። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታው በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ውሃው ውስጡ ተጠራቅሞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በዚያ ላይ የመንገዳችን ጉድጓድና ጉብታ ማንጠልጠያውን ይበጥሰዋል። ሲጀምር ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በዚያን ጊዜ በብየዳ ይደፈናል። ቦሎ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው በመጨረሻ ሙሉውን ይገዛል።

አዲስ አበባ ላይ መኪኖች ለምን ከሌላው ቦታ በላይ የሚያጓሩ ይመስላል?

ይመስላል ብቻ ሳይሆን ምክንያት አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሾፌሩ ያንን ለማካካስ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ ናፍጣ መኪና ከአቅም በላይ ሰው ወይም ጭነት ሲይዝ ጩኸቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። እንግዲህ ከልክ በላይ መጫን የመንገድ ደህንነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዳገት ዳር ለሚኖር ሰው የእንቅልፍ ጉዳይም ነው።

በሜዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የቤት መኪና ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለፈ በኋላ ከሞተሩ ይልቅ ጎማው ከአስፋልት ጋር የሚፈጥረው ድምፅ ይበልጣል። በቀለበት መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች የሚሰሙት ያልተቋረጠ ፉጨት መሰል ድምፅ እሱ ነው። ለዚያ መድኃኒቱ ፍጥነት መቀነስ ነው።

ከባድ መኪኖች ለምን ሌሊት ይመጣሉ?

በቀን መጨናነቁን ለመቀነስ ለጭነት መኪኖች የሰዓት ገደብ ስለተደረገ ነው። ቀኑ ቀለለ፤ ጫናው ወደ ሌሊቱ ሄደ። ይህን ስል ገደቡ ይነሣ ማለቴ አይደለም። ሲሚንቶና ድንጋይ የሚያራግፍ መኪና በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅ፣ ባዶ ካሶኒውን እያንኳኳ አይብረር፣ ቁልቁለት ሲወርድ በሚያጓራው የሞተር ፍሬን ፋንታ ከላይ ጀምሮ በዝግታ ይውረድ ነው የምለው። የግንባታው ባለቤት ለሾፌሩ ይህን የማሳሰብ ኃላፊነት አለበት፤ ነዋሪዎችም መጀመሪያ የሚያነጋግሩት እሱን ቢሆን ፈጣን ውጤት ያገኛሉ።

ሞንታርቦ ጭነው የሚዞሩትስ?

ለሎተሪም፣ ለሸቀጥም፣ ለእምነት ጉባኤም ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ ድምፁ ሰፈሩ ላይ ሲደርስ ከ55 ወይም ማታ ከሆነ ከ45 በላይ ከሆነ ደረጃውን አልፏል። ድምፁ የሚመጣው ከሞተር ሳይሆን ከድምፅ ማጉያ መሆኑ አያድነውም። ለዚህ የወረዳው ደንብ ማስከበር ቅርብ ነው።

ጎረቤቴ ሚኒባሱን ግቢው ውስጥ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ያሞቃል። ምን ላድርግ?

ቀድመው ያነጋግሩት፤ በዚያን ሰዓት ሳይሆን ማታ፣ ቡና ላይ። ብዙ ሾፌሮች ሞተር ለግማሽ ሰዓት መሞቅ አለበት ብለው የተማሩት በድሮ መኪና ነው። አሁን ያሉት ሞተሮች ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ በዝግታ እየተነዱ መሞቅ ይችላሉ፤ እንዲያውም ቆሞ ከመሞቅ እየሄዱ መሞቅ ለሞተሩ ይሻላል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ያለው ትልቅ አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ግን አየሩ እስኪሞላ መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ያለዚያ ፍሬን አይይዝለትም። እሱን «አጥፋ» ማለት ተገቢ አይሆንም፤ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ራቅ ብሎ እንዲያድር ግን መነጋገር ይቻላል።

ንግግር ካልሠራ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ነው የተጻፈው። በአጥር ለተጋሩት ጋራዥ፣ ለመኪና እጥበትና ለአውቶቡስ ማደሪያም ይሠራል። ሕጉ የሚጠይቀው «ድምፅ አለ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፏል ወይ?» ብሎ ነው። የሰፈር ሽማግሌዎች ምስክርነት እዚህ ላይ ከመሣሪያ ንባብ ያላነሰ ክብደት ሊኖረው ይችላል።

አቤቱታ የት ነው የማቀርበው?

አካባቢን የሚያውክ ዘላቂ ድምፅ ከሆነ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ከሌላ ክልል ከሆኑ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ለዜጋ የሰጠውን መብት ሁሉም ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ይጎዳል በሚለው ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም የሰጠው ውሳኔ ካላረካዎት፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔ ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ።

ቀኖቹን ይቁጠሩ። ማመልከቻውን ሲያስገቡ በቅጂዎ ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ፤ 30ው የሚጀምረው ከዚያ ነው። «ነገ ተመለስ» እየተባሉ 60ውን ያሳለፉ ሰዎች አውቃለሁ፤ እውነቱ ከእነሱ ጋር ነበር፣ ቀኑ ግን አለፈባቸው።

ማመልከቻው ላይ ምሬት ብቻ አይጻፍ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደብተር ይያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ዓይነት መኪና፣ ስንት ደቂቃ፣ የትኛው ክፍል ሆነው ሰሙት። ከአንድ ቤት ይልቅ አምስት ቤት ቢፈርም ይሻላል። ነጠላ መኪና ከሆነ የሰሌዳ ቁጥሩን ይዘው ለአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ ይንገሩ። ጉዳዩ ወደ ጠብ የሚያመራ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ በ991 ይገኛል።

በስልኬ የለካሁት እንደ ማስረጃ ይቆጠራል?

መነሻ ይሆናል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ስልክ የተሠራው ለንግግር ነው፤ ከልክ ያለፈ ድምፅ ሲመጣ ማይክሮፎኑ በራሱ ይቆርጠዋል። ከለኩ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በአንድ ቦታና በአንድ ስልክ ይለኩ፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ንጽጽሩ ነው፣ ማለትም መኪናው ባለበትና በሌለበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት። ያንን ይዘው ባለሙያ በተስተካከለ መሣሪያ እንዲለካ ይጠይቁ።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ችግሩ ይቀራል?

በከፊል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየመንገዱ ድምፅ አልባ መኪኖች በዝተዋል። በመጨናነቅ ውስጥና በዳገት ላይ ለውጡ ይታወቃል። በፍጥነት ሲሄዱ ግን የጎማው ድምፅ ያው ነው፤ ክላክሳቸውም ያው ነው።

በተቃራኒው አዲስ ሥጋት አለ። ዓይነ ስውራን መንገድ የሚሻገሩት በጆሯቸው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ኤሌክትሪክ መኪና አይሰማቸውም። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ እንዲህ ያሉ አዳዲስ መኪኖች እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያወጡ ተገደዋል። መኪናዎ ይህ ድምፅ ካለው «ያናድደኛል» ብለው አያስጠፉት። ከድምፅ ሁሉ ይህኛው እንዲኖር እሟገታለሁ።

ሌሎች ከተሞች ምን ያደርጋሉ?

ኒውዮርክ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሚያወጣን መኪና ሰሌዳውን ጭምር የሚቀርጽ የድምፅ ካሜራ ተክላለች፤ ቅጣቱ ከ800 እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። እዚያ የምትነዱ ወገኖች ማርሚታችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አስቡበት። ፓሪስም ተመሳሳይ መሣሪያ ሞክራለች። ለእኛ ከዚያ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፦ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ማርሚታ ከልብ ይታይ።

እኔ ራሴ ሾፌር ነኝ። ጆሮዬን ይጎዳል?

ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ለረጅም ዓመታት ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። ለሠራተኛ ጆሮ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት። የተበሳ ማርሚታ፣ የተከፈተ መስኮትና ከፍ ያለ ሙዚቃ ባንድ ላይ ሲሆኑ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ማታ ቤት ገብተው ጆሮዎ ውስጥ ፉጨት ከተሰማዎት፣ ወይም ልጆችዎ ቴሌቪዥኑን አበዛኸው ካሉዎት ሐኪም ይዩ። በከፍተኛ ድምፅ የሞተ የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ሾፌሩ ማርሚታውን በሳምንቱ አስጠገነው፤ ሙዚቃውንም ቀነሰ፣ ምክንያቱም ከሞተሩ በላይ ለመስማት ሲል ነበር ከፍ ያደረገው።